ዚንክ አንሷል የሚል የደም ውጤት ምን ይነግረናል?

ፀጉሬ ይረግፋል፣ ቶሎ ይደክመኛል፣ ጥፍሬ ላይ ነጫጭ ነጥብ ወጥቷል፤ ዚንክና ሴሊኒየም ልታይ ወይ? ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ አሁን አሁን ይህን የሚጠይቅ ወጣት በዝቷል። ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሱ ግን "ሂድና ተመርመር" ብቻ አይደለም። ምርመራው አለ፣ ይሠራልም፣ ግን ብዙ ሰው ይለካል ብሎ የሚያስበውን ነገር አይለካም። በነገራችን ላይ የጥፍር ነጭ ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ ጥፍሩ ሳይታወቀን አንድ ነገር ሲነካው የሚመጣ ነው። ለእሱ ብላችሁ ብር አታውጡ።

ጥቃቅን ማዕድናት የሚባሉት የትኞቹ ናቸው?

ሰውነታችን በብዛት የሚፈልጋቸው እንደ ካልሲየም፣ ሶዲየምና ፖታሲየም ያሉ ማዕድናት አሉ። ከእነሱ ሌላ በጣም በትንሹ የሚፈለጉ ግን ካልተገኙ ጉድ የሚያመጡ አሉ። ዋናዎቹ ብረት፣ ዚንክ፣ አዮዲን፣ ሴሊኒየምና መዳብ ናቸው። ማንጋኒዝ፣ ክሮሚየምና ሞሊብዲነምም እዚሁ ይመደባሉ፤ ግን ተራ ሰው እነሱን በደም ቢያስለካ ይህ ነው የሚባል ጥቅም ስለሌለው እንለፋቸው።

ምን ያህል ትንሽ? ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ8 እስከ 11 ሚሊግራም ዚንክ ይበቃዋል። ሴሊኒየም ደግሞ 55 ማይክሮግራም ነው። ማይክሮግራም ማለት ሚሊግራም ለሺህ ሲካፈል ነው፤ በዓይን የሚታይ ነገር አይደለም። ዚንክ ሲጎድል ልጅ በቁመት ወደ ኋላ ይቀራል፣ ቁስል ቶሎ አይሽርም፣ ተቅማጥና ኢንፌክሽን ይመላለሳል። አዮዲን ሲጎድል እንቅርት ይወጣል፤ ነፍሰ ጡር እናት በጣም ከጎደላት የልጇ አእምሮ ይጎዳል። የብረቱን ሁሉም ያውቀዋል፣ የደም ማነስ ነው።

ታዲያ ደም ውስጥ ያለው ቁጥር የምኑ ቁጥር ነው?

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ ታገሱኝ።

አንድ አዋቂ ሰው ሰውነቱ ውስጥ ከ2 እስከ 3 ግራም ዚንክ አለው። አብዛኛው ያለው ጡንቻና አጥንት ውስጥ ነው። ላብራቶሪ የሚለካው ግን ፕላዝማ ውስጥ ያለውን ነው። ፕላዝማ ማለት ቀይና ነጭ የደም ሴሎች ሲወጡለት የሚቀረው ቢጫማ ፈሳሽ ነው። እዚያ ውስጥ ያለው ዚንክ ከጠቅላላው 0.1 በመቶ ገደማ ነው። ከሺህ አንድ እጅ ማለት ነው።

አንድ ገበሬ ጎተራው ውስጥ ስንት ኩንታል ጤፍ እንዳለው ለማወቅ ፈለጋችሁ እንበል። ጎተራውን ከፍታችሁ ማየት አልቻላችሁም። ስለዚህ ወደ ወፍጮ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ቆማችሁ በአህያ የሚያልፈውን ጆንያ ቆጠራችሁ። ዛሬ ምንም አላለፈም፤ ጎተራው ባዶ ነው ማለት ነው? ሰውየው ትናንት አስፈጭቶ ሊሆን ይችላል። ነገ ሦስት ጆንያ ቢያልፍስ፣ ሀብታም ነው? የመጨረሻዋን እህል ጠርጎ ጭኖም ሊሆን ይችላል። ደማችን መንገዱ ነው፣ ጎተራው ሌላ ቦታ ነው።

ይባስ ብሎ ሰውነት ይህችን የመንገድ ላይ ዚንክ እንዳትወርድ ይጠብቃታል። የምንበላው ዚንክ ሲቀንስ አንጀት ከወትሮው አብልጦ ይወስዳል፣ የሚወጣውም ይቀንሳል። ስለዚህ መጠነኛ እጥረት ያለበት ሰው ውጤቱ ኖርማል ሊሆን ይችላል። ሌላው ደግሞ ምንም ሳይጎድለው ዝቅ ብሎ ሊወጣ ይችላል።

ብረት ላይ ነገሩ ይሻላል። ፌሪቲን የሚባል ብረትን የሚያከማች ፕሮቲን አለ። ከእሱ ትንሽ ወደ ደም ስለሚወጣ መጠኑ የተከማቸውን ብረት ያሳያል። አዋቂ ላይ በሊትር ከ15 ማይክሮግራም፣ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ላይ ከ12 በታች ከሆነ ክምችቱ አልቋል ይባላል። ሄሞግሎቢን፣ ማለትም ቀይ የደም ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን፣ ሌላ ነው። ብዙ ሰው "ደሜ 13 ነው፣ ብረቴ ሙሉ ነው" ይላል። አይደለም። ሄሞግሎቢን የሚወርደው ክምችቱ ካለቀ በኋላ ነው፤ ደሙ ኖርማል ሆኖ ብረቱ ያለቀበት ሰው ብዙ ነው። በተቃራኒውም የደም ማነስ ሁሉ ከብረት አይመጣም። ወባ አለ፣ መንጠቆ ትል አለ፣ ሌላም ሌላም።

ጉንፋን ይዞኝ ብመረመርስ?

ውጤቱ ሊያሳስት ይችላል። ሰውነት ኢንፌክሽን ሲገባበት ዚንኩን ከደም ሰብስቦ ወደ ጉበት ያስገባዋል። ብረቱንም ይደብቃል፣ ጀርሞቹ እንዳይጠቀሙበት። በዚህ ሰዓት ደም የተቀዳ ሰው ዚንኩ ዝቅ ብሎ ይወጣል፤ እውነተኛ እጥረት ላይሆን ይችላል።

የሚገርመው መዳብና ፌሪቲን ደግሞ በተቃራኒው ይሄዳሉ። ሕመም ሲኖር ሁለቱም ይጨምራሉ። ስለዚህ ብረት ጨርሶ ያለቀባት ሴት ወባ ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ካለባት ፌሪቲኗ "ደህና" መስሎ ሊወጣ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ነው ብግነት (ሰውነት ለጉዳት ወይም ለጀርም የሚሰጠው ምላሽ) ወይም ኢንፌክሽን ባለበት ሰው ላይ ወሰኑን ከፍ የሚያደርገው። አዋቂ ላይ ከ15 ወደ 70፣ ልጅ ላይ ከ12 ወደ 30። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

ይህን ለመለየት ሲአርፒ የሚባል ምርመራ አብሮ ይታዘዛል። ሲአርፒ ሰውነት ውስጥ ብግነት ወይም ኢንፌክሽን መኖሩን የሚናገር ነው። ዚንክ ወይም ፌሪቲን ታይቶ ሲአርፒ ካልታየ ግማሹ መረጃ የለም ማለት ይቻላል። እርግዝናና የእርግዝና መከላከያ ክኒንም ቁጥሮቹን ያዛባሉ፤ ዚንክን ወደ ታች፣ መዳብን ወደ ላይ። ዚንክ በደም ውስጥ የሚጓዘው በአብዛኛው አልቡሚን ከሚባል ፕሮቲን ጋር ተያይዞ ስለሆነ፣ አልቡሚኑ በጉበት ወይም በኩላሊት በሽታ ከወረደ ዚንኩም አብሮ ይወርዳል።

በባዶ ሆድ ልሂድ ወይስ በልቼ?

በባዶ ሆድ፣ በጠዋት። ሰዓቱ ብቻውን ውጤቱን ይቀይረዋል። ለአንዲት ነፍሰ ጡር ያልሆነች ሴት ዓለም አቀፍ ባለሙያዎች ያስቀመጡት የዚንክ ዝቅተኛ ወሰን በጠዋት በባዶ ሆድ ከተቀዳች በዴሲሊትር 70 ማይክሮግራም ነው። ቁርስ በልታ በጠዋት ከተቀዳች 66። ከሰዓት በኋላ ከሆነ 59። ያው ሴት፣ ያው ደም ነው። እና 62 የሚል ውጤት ይዛ የመጣች ሴት ስንት ሰዓት እንደተቀዳች ሳይጠየቅ "አንሶሻል" ብትባል ትርጉም የለውም። ጾመኛ ለሆነ ሰው ይህ ይቀላል፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ሄዶ ተቀድቶ ይመለሳል።

ሌላው ጣጣ ቱቦው ነው። እነዚህ ማዕድናት አቧራ ውስጥ አሉ፣ የጎማ ክዳን ውስጥ አሉ፣ ዱቄት ያለው ጓንት ላይ አሉ። ስለዚህ ለዚህ ምርመራ ተብለው የሚሠሩ ከማዕድን የጸዱ ቱቦዎች አሉ፤ አብዛኞቹ ክዳናቸው ጠቆር ያለ ሰማያዊ ነው። በተራው ቱቦ ከተቀዳ ዚንኩ ከጎማው ሊጨመርበት ይችላል። ክሮሚየም ከሆነማ መርፌው ራሱ ይበክለዋል። ቀይ የደም ሴል ውስጥ ከፕላዝማው የበለጠ ዚንክ ስላለም ደሙ ሲቀዳ ከተጎዳ ወይም ሳይለይ ብዙ ሰዓት ከቆየ ቁጥሩ ያለ ቦታው ይወጣል። ክንድ ላይ የሚታሰረው ጎማ ረዘም ላለ ጊዜ ከቆየም እንዲሁ። ናሙናው ከጎጃም ወጥቶ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ድረስ የሚላክ ከሆነ እነዚህ ነገሮች ይበልጥ ያሳስባሉ፤ ምክንያቱም ስህተቱ የሚፈጠረው ማሽኑ ጋ ከመድረሱ በፊት፣ ደሙ በተቀዳበት ክፍል ውስጥ ነው። ማሽኑ የመጣለትን በትክክል ይለካል። የተበከለውንም በትክክል ይለካል።

ወረቀቱ ላይ ዚንኬ 10.7 ይላል፣ በጣም ወርዷል ማለት ነው?

ተረጋጉ፣ መጀመሪያ ከቁጥሩ ጎን ያለውን መለኪያ እዩ። አንዳንዱ ላብራቶሪ ዚንክን በማይክሮግራም በዴሲሊትር ይጽፋል፣ ሌላው በማይክሮሞል በሊትር። በማይክሮሞል 10.7 ማለት በማይክሮግራም 70 ገደማ ነው፤ ለመቀየር በ6.54 ማባዛት ነው። ኢንተርኔት ላይ "ኖርማሉ ከ70 በላይ ነው" የሚል አንብቦ 10.7 ያየ ሰው ሌሊቱን ሙሉ አይተኛም። እንዲያ አይነት ድንጋጤ በከንቱ ነው።

አዮዲንስ?

አዮዲን በደም አይታይም፣ በሽንት ነው። ከምንበላው አዮዲን አብዛኛው በሽንት ስለሚወጣ። ግን የአንድ ሰው ሽንት ከጠዋት እስከ ማታ፣ ከቀን ቀን ስለሚለዋወጥ የአንድ ሰው ውጤት ብቻውን ምንም አይናገርም። ከብዙ ሰው ተሰብስቦ መካከለኛው ይታያል። በሊትር ከ100 እስከ 199 ማይክሮግራም ከሆነ ያ ሕዝብ ደህና ነው ይባላል። አንገቱ ላይ እንቅርት ያየ ሰው የሚያስፈልገው የሽንት አዮዲን ሳይሆን የታይሮይድ ምርመራ ነው፤ ቲኤስኤች ይባላል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ለሰው የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲኖረው በ2003 ዓ.ም በደንብ ተደንግጓል። አዮዲን ግን ይበናል። ጨዉን ክፍት ዕቃ ውስጥ ምድጃ አጠገብ የምታስቀምጡ፣ ወጡ ገና ሲጣድ የምትጨምሩ፣ አዮዲኑን ለጭሱ ሰጣችሁት ማለት ነው። የሚከደን ዕቃ ውስጥ አድርጉት፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩ።

ጎጃም ላይ ጉዳዩ ምንድን ነው?

ጎጃም እህል ሞልቶ ተርፎት ሌላውን የሚመግብ አገር ነው። ግን በ2016 እ.ኤ.አ በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አማራ ክልል ውስጥ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕጻናት 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ ለዕድሜያቸው ያጠሩ ማለት ነው። ልጆቹ ሆዳቸው ጠግቦ ሊሆን ይችላል። የመቀንጨር ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ከእነዚህ አንዱ ግን እህሉ ውስጥ ያለው ማዕድን ነው።

እህል ማዕድኑን የሚያገኘው ከአፈር ነው። ሴሊኒየም ላይ ይህ በጣም ጎልቶ ይታያል። ቻይና ውስጥ ኬሻን በሚባል አካባቢ በ1935 እ.ኤ.አ ልብን የሚያደክም በሽታ ታየ። በኋላ ሲጠና በሽታው የሚገኘው አፈሩ ሴሊኒየም በሚያንሰው ቦታ ሁሉ ሆኖ ተገኘ፣ ለልጆች ሴሊኒየም መስጠት ሲጀመርም ቀነሰ። ወደ እኛ ስንመጣ አማራ ክልል ውስጥ የተሠሩ ጥናቶች ሴሊኒየም ያነሳቸው ሕጻናት እንዳሉ አሳይተዋል። ጤፍና ስንዴ ውስጥ ያለው ሴሊኒየም ከቦታ ቦታ በጣም እንደሚለያይም ታይቷል። በ2021 እ.ኤ.አ የወጣው የኢትዮጵያና የማላዊ የእህል ጥናትም ያንኑ ነው የሚለው፦ የምትበሉት ምን ዓይነት እህል እንደሆነ ብቻ ሳይሆን የት እንደበቀለም ለውጥ ያመጣል።

አዊና ምዕራብ ጎጃም ያለ ገበሬ አሲዳማ አፈር ምን እንደሆነ አስረዱኝ አይልም። ኖራ የሚበትነው ለዚያ ነው። ዝናብ ለዘመናት ያጠበው ቀይ አፈር ውስጥ ያለው ብረት ሴሊኒየሙን አጥብቆ ይይዘዋል፣ ሥሩ ሊያገኘው አይችልም። አፈሩ ውስጥ እያለ እህሉ ውስጥ አይገባም። ዚንክ ደግሞ አሲዳማ አፈር ላይ ለተክል ይቀላል። በአንድ ማሳ ላይ አንዱ ይታሰራል፣ ሌላው ይፈታል።

ዚንክና ብረት ላይ ዋናው ችግር ያለው ሆድ ውስጥ ነው። ጤፍ፣ በቆሎ፣ ዳጉሳና ባቄላ ውስጥ ፋይቴት የሚባል ነገር አለ። አንጀት ውስጥ ዚንኩንና ብረቱን አጥብቆ ይይዝና ይዟቸው ይወጣል። ሥጋና ዓሣ ቢበላ ይህ ይቀል ነበር፤ ግን የጾሙ ብዛት፣ የኑሮውም ነገር አለ። እርሾ እዚህ ጋ ትልቅ ሥራ ይሠራል። ሊጡ ሲቦካ ፋይቴቱ ይሰባበራል። እንጀራው በደንብ ከቦካ ሊጥ ሲጋገር ለዚንኩም ለብረቱም ይሻላል፤ በችኮላ የተጋገረ አፍለኛ እንጀራ ይህን ያጣል። ስለ ጤፍ ብረትም አንድ ነገር ልበል። ጤፍ በብረት የታወቀ ነው፣ እውነት ነው። ግን ከዚያ ብረት ብዙው አውድማ ላይ በበሬ ሲወቃ የገባ የአፈር ብረት ነው፣ ሰውነትም እንደ ልብ አይወስደውም። ከምግቡ ጋር የሚጠጣ ቡናና ሻይም ብረቱን ያስቀረዋል። ቡናውን ከምሳ አንድ ሰዓት ያህል ብታዘገዩት ይጠቅማል።

እና ነገሩን ስናየው፣ አንድ ቀበሌ ያለ ሕዝብ ያንኑ እህል ከአንድ ዓይነት አፈር ነው የሚበላው። እጥረት ካለ የአንድ ሰው አይሆንም። የደም ዚንክ ምርመራም በትክክል የሚያገለግለው እዚህ ላይ ነው። የአንድ ሰው ቁጥር በሕመም፣ በሰዓት፣ በቱቦ ይዛባል፤ የብዙ ሰው ደም በአንድ ዓይነት ጥንቃቄ ተቀድቶ ሲታይ ግን ምስሉ ይጠራል። ከ100 ሰው 20ና ከዚያ በላይ ከወሰኑ በታች ከሆኑ የሕዝብ ጤና ችግር አለ ይባላል። በ2015 እ.ኤ.አ አገር አቀፍ የማይክሮ ንጥረ ነገር ጥናት ተደርጎ ደም የተሰበሰበው ለዚህ ነው። ሰው በግሉ "ስንት ሆንኩ" እንዲል አይደለም።

ልጄ ተቅማጥ ሲይዘው ጤና ጣቢያ ሳይመረምሩ ዚንክ ሰጡት፣ ልክ ናቸው?

ልክ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ከ2004 እ.ኤ.አ ጀምሮ የሚመክሩት ነው። በ2004ቱ ምክር መሠረት ከስድስት ወር በላይ ለሆነ ልጅ በቀን 20 ሚሊግራም፣ ከዚያ በታች ለሆነ 10፣ ከ10 እስከ 14 ቀን፣ ከኦአርኤስ ጋር። ተቅማጥ ዚንክ ያስወጣል፣ የዚንክ ማነስ ደግሞ ተቅማጡን ያስረዝማል። የታመመ ልጅ ደም ውስጥ ያለው ዚንክ ደግሞ ከላይ እንዳልነው አያስተማምንም፤ መርምሮ መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው። ተቅማጡ ቆመ ብላችሁ በሦስተኛው ቀን እንዳታቋርጡት ብቻ። ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው የብረትና ፎሊክ አሲድ ክኒንም በተመሳሳይ ምክንያት የብረት ክምችቷ ሳይለካ ይሰጣል።

በእጅ የሚያዝ ማሽን አለ፣ በደቂቃ ሁሉንም ይነግራል ይላሉ?

የብረት ዘንግ በእጅ አስይዘው ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተው "ዚንክህ 40 በመቶ፣ ሴሊኒየምህ ዝቅተኛ" የሚሉትን ማለታችሁ ከሆነ፣ ያ ማሽን ማዕድን አይለካም። ማዕድን የሚለካው ናሙናው በእሳት ወይም በጋለ ጋዝ ተበትኖ በውስጡ ያሉት አተሞች በሚያሳዩት ምልክት ነው። መዳፍ በመያዝ ይህ አይሆንም። ብዙ ጊዜ ማሽኑን ይዞ የመጣው ሰውና ክኒኑን የሚሸጠው ሰው አንድ መሆናቸውንም ልብ በሉ። የፀጉር ምርመራም ለአንድ ሰው እጥረት አስተማማኝ አይደለም፤ ሻምፖውና ቀለሙ ራሱ ውጤቱን ይቀይረዋል።

ለማንኛውም ብዬ ክኒኑን ብውጥስ?

ለአጭር ጊዜ በልክ ከሆነ ብዙም አይጎዳም። ለወራት ከሆነ ግን ይጎዳል። ለአዋቂ የዚንክ ጣሪያ በቀን 40 ሚሊግራም ነው፣ 50 ሚሊግራም የሆነ ክኒን ደግሞ አለ። ከመጠን ያለፈ ዚንክ መዳብ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ይዘጋል። መዳብ ሲያልቅ የደም ማነስ ይመጣል፣ እግር ይደነዝዛል፣ አረማመድ ይበላሻል። ሴሊኒየም ጣሪያው 400 ማይክሮግራም ነው። ሲበዛ ጥፍር ይሰባበራል፣ ትንፋሽ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል፣ ፀጉር ይረግፋል። አዎ፣ ፀጉር ይረግፋል። ለፀጉሩ ብሎ የጀመረ ሰው በዚያው ክኒን ፀጉሩን ሊያጣ ይችላል።

እንግዲህ ማን ይመርመር?

የአንጀት በሽታ ያለበት ወይም አንጀቱ በቀዶ ሕክምና የተቆረጠ፣ ለረጅም ጊዜ በደም ሥር ብቻ የሚመገብ፣ ዚንክ ለወራት ውጦ እግሩ የደነዘዘ። ጉበቱ ወይም ነርቩ ላይ ያልታወቀ ችግር የታየበት ወጣት ደግሞ የመዳብ ምርመራ ይታዘዝለታል፤ መዳብ የሚከማችበት ዊልሰን የሚባል በዘር የሚተላለፍ በሽታ ስላለ። እነዚህን ሐኪም ነው የሚያዛቸው። ሲቀዳችሁ የተቀዳችሁበት ሰዓት፣ መብላት አለመብላታችሁና የምትወስዱት ክኒን ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ካለባችሁ እስኪለቃችሁ ማቆየት ይሻላል።

ድካምና የፀጉር መርገፍ ብቻ ያለባት ልጅ ግን ከዚንክ በፊት የምታያቸው አሉ። ጠቅላላ የደም ምርመራ፣ ፌሪቲን ከሲአርፒ ጋር፣ የታይሮይድ ቲኤስኤች፣ በባዶ እግሯ እርሻ የምትውል ወይም ጣና ዳር ያደገች ከሆነች ደግሞ ለመንጠቆ ትልና ለቢልሃርዚያ የሰገራ ምርመራ። የወር አበባዋ ስንት ቀን እንደሚቆይ የሚጠይቃት ሐኪም ካገኘችም ጥሩ ነው፤ እሱ ጥያቄ ምንም አይከፈልበትም።